የዐሊ መኪና የቀለጠችበት ሳምንት

ቅዳሜ

የፊት ፓራውልቱ ነጣ። በረኪና ውስጥ ተዘፍዝፎ ሳለ የሚያብረቀርቀው ኒኬል ሁሉ ለቀቀና ከሥሩ ወተት የመሰለ ፕላስቲክ ወጣ። የዓሣ አጥንት ያህል የቀጠነ ነገር ነው፤ ግን ሳይሰበር ወጣ። አሠሪዬ ዐም ሙሳ በመስኮት አይቶ ራሱን ነቀነቀልኝ። እስከ አሱር ሶላት ድረስ ጥሩ ቀን ነበር።

እኛ ወርሻው፣ የመኪና ቀለም ቤቱ ውስጥ የምንቀባው እውነተኛ መኪና ነው። እዚህ ሳዑዲ፣ አቡ ዓሪሽ ከተማ ውስጥ ከፀሐይ የተረፈ ቀለም ስለሌለ ሥራ አይጠፋም። ዐም ሙሳ ግን ከኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል፣ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በእጅ መዳፍ ላይ የሚቆሙ የፕላስቲክ መኪናዎች አሉት። ከወጣትነቱ ጀምሮ ክፍል በክፍል በማጣበቂያ የገጣጠማቸው ናቸው። የጂዛን ወበቅ ቀለማቸውን እንደ እባብ ቆዳ ልጦታል። ዘንድሮ ላድሳቸው አለና ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። «እጅህ ቀላል ነው» አለኝ። ሰው እንዲህ ካለኝ ስንት ጊዜ ሆነኝ።

እንዳልረሳው፦ ለቀለሙ አልኮል፣ እንቢ ካለ የፍሬን ዘይት። ክዳን ባለው ዕቃ ዘፍዝፎ መተው ነው፤ መቸኮል የለም። ለኒኬሉ በረኪና። መፈግፈጊያው ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ለስርጉዱ ደግሞ ስንጥር። ከዚያ በዕቃ ሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በባዶ ጣት አለመንካት፤ የጣት ቅባት አዲሱን ቀለም አያስይዝም። ቲነር ወደዚያ ክፍል አይገባም። ቲነር ቀለሙን ብቻ አይደለም የሚበላው፣ ፕላስቲኩንም ነው።

ከአሱር በኋላ ዐም ሙሳ አዲስ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ሐበሻ ነው። «ጀማል ይባላል፤ ያገርህ ሰው ነው» አለኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እዚህ ከእኔ ጋር ያለው ዐብዱ ብቻ ነው፤ የመናዊ ነው፤ አንድ ክፍል እንጋራለን፤ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ከእሱ ጋር በዐረብኛ እንጂ በአማርኛ አይወራም። ጀማልን ሰላም አልኩት። እጁ ወፍራም ነው፤ ጢሙን በሒና አቅልቶታል።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ኮምፕሬሰሩ ጋ ሄዶ አነሳውና፣ «ድምፅህ አይሰማም። ከፍ አርገው» አለ።

የያዝኩት ብሩሽ ከእጄ ወደቀ።

እሑድ

አልተሳሳትኩም። ሌሊቱን በሙሉ ልሳሳት ፈልጌ ነበር። ጠዋት መኪና ሲገፉ ድጋሚ ሲናገር ሰማሁት። ራሱ ነው።

ባሕሩን ተሻግረን የመን ስንወርድ ከዳርቻው ላይ አፍሰው የወሰዱን ሰዎች ነበሩ። ግንብ አጥር ያለው ቤት ውስጥ ዘጉብን። ዘመድ ገንዘብ ልኮ እስኪያስለቅቀን ድረስ እዚያ ነው። ባለቤቶቹ ቋንቋችንን አያውቁም። በመካከል የሚያስተረጉም አንድ ሐበሻ ነበራቸው። ስሙን ስለማናውቅ ተርጓሚው እንለው ነበር። ወደ ቤተሰብ ሲደወል ስልኩን አፋችን ላይ የሚይዘው እሱ ነው። ሌላው ከኋላ የጀሪካን ቁራጭ በእሳት ያቀልጥና ጀርባችን ላይ ያንጠባጥባል። ጩኸታችንን ወደ ውስጥ ስንውጠው ተርጓሚው ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ፣ «ድምፅህ አይሰማም። ከፍ አርገው» ይላል። እናቶቻችን እንዲሰሙ።

ሙሄ አልጮኸም። የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ከባቲ አብረን ነው የወጣነው። «እናቴ ትሰማለች» ብሎ ከንፈሩን ነክሶ ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር ይጨመርበታል። አንድ ቀን ጠዋት በምንጣፍ ጠቅልለው አወጡት። ከራሱ በኩል የያዘው ተርጓሚው ነበር። ከዚያ እኔን ዘመድ ተረባርቦ አስለቀቀኝ። ሙሄ ግን ወጥቶ ቀረ።

እናቱ፣ እማ ዘሀራ፣ ጁምዓ ጁምዓ ይደውሉልኛል። ሌላ ወሬ የላቸውም። «የት ነው የቀበሩት? ማን አጠበው?» ብለው ይጠይቁኛል። «አላውቅም እማ» እላቸዋለሁ። «እሺ ልጄ» ብለው ይዘጋሉ።

እሱ አላወቀኝም። ብዙ ነበርን፤ ሁላችንም ራሳችን የተላጨ፣ አጥንታችን የወጣ። ዛሬ ምሳ ላይ ከሳህኑ ሥጋ አንስቶ ወደ እኔ በኩል አደረገልኝ። «ብላ ወንድሜ፤ ከስተሃል» አለኝ። ሥጋውን በላሁት። ለምን እንደበላሁት አላውቅም።

ለጀዋዛት፣ ለስደተኛ ፖሊሱ፣ ጠቁሜ ላስይዘው? ወርሻው ድረስ መጥተው እኔንም ዐብዱንም ይወስዱናል፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው በመሃላችን የለም። በብረት ልበለው? እችላለሁ፤ እጄ ግን ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል። ልተወው? እሱን አልጽፈውም።

ሰኞ

ከመኪናዎቹ የተረፈ የፕላስቲክ ዘንግ ነበር። ቆርጬ በጣሳ ውስጥ ትንሽ ቲነር አድርጌ ጨመርኩት። መጀመሪያ አብለጨለጨ። ከዚያ ላዩ ሟሸሸ። ቀጥሎ እንደ ማስቲካ ተልፈሰፈሰና ጣሳው ሥር ተኛ። ቆሜ ሳየው ቆየሁ። ዐብዱ «ምን ታበስላለህ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ዐም ሙሳ ከሰዓት በኋላ ትንሿ ክፍል ጠራኝ። ከቁም ሣጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አንዲት መኪና አወጣ። ሻስ ናት። ገበሬውም እረኛውም እዚህ የሚነዳት ያቺ ጋቢናዋ አራት ማዕዘን፣ ኋላዋ ስፖንዳ ያላት ጭነት መኪና። በብሩሽ ወፍራም አረንጓዴ ተቀብታለች፤ ቀለሙ በሩ ላይ እንደ ዕንባ ወርዶ ደርቋል። «ይቺን የሠራት ዐሊ ነው፤ ትንሽ ልጅ ሆኖ» አለኝ። ዐሊ የመጨረሻ ልጁ ነው። ወደ ደርብ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞቷል። ካደገ በኋላ በልጅነት አቀባቡ ይስቅ ነበር አሉ። «አረንጓዴውን ላስለቅቅና ነጭ እቀባታለሁ፤ እንደ እውነተኛዋ» ብሎ ነበር። ሳይደርስበት ቀረ።

«በዚህ ሳምንት ትጨርሳታለህ» አለኝ ዐም ሙሳ። ከዚያ፣ «ግን የትልቁ መኪና ጋቢናም አስቸኳይ ነው። ጀማልን አስተምረው። ዝፍዘፋውን እሱ ይያዝ።»

እሺ አልኩት። ድምፄ ደህና ነበር።

ማክሰኞ

አስተማርኩት። ከማንም በላይ አሳምሬ አስተማርኩት። ስለ አልኮሉ ነገርኩት፤ ስለ ፍሬን ዘይቱ ነገርኩት። የጣሪያዋ ምሰሶዎች እንደ ክብሪት እንጨት ስለሆኑ ብሩሹን ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች እንዳይጫን አሳየሁት። ስለ ቲነሩ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ዐም ሙሳ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እንዲሰማ ፈልጌ ነበር። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር «ሰይድ አላሳየውም» ተብሎ ስሜ እንዳይነሳ።

ጎን ለጎን ተቀምጠን የአንዲት ቀይ ታክሲ ኮፈን ፈገፈግን። ቀለሙ እየተጠቀለለ ሲወጣ፣ «ሱብሃነላህ፣ ከሥሩ አዲስ ነው እኮ» አለ። እጁ ጎበዝ ነው። ይህም አናደደኝ። ሴት ልጅ አለችው፤ አገር ቤት ከእናቷ ጋር ናት። ፎቶዋን አሳየኝ። የፊት ጥርሷ ወልቋል። «ስታወራ ታፏጫለች» ብሎ ሳቀ።

«በየት በኩል ገባህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በዑምራ መጥቼ ቀረሁ» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ። የየመኑን መንገድ አላየኸውም።»

«አላየሁትም።»

ጥፍሬ መዳፌ ውስጥ ገብቷል። አሁን ስጽፍ ያቃጥለኛል።

አመሻሽ ላይ ከቧንቧው ጋ ሸሚዜን አውልቄ የስቱኮ አቧራ ስታጠብ ከኋላዬ ሰው የቆመ መሰለኝ። ዞርኩ። እሱ ነው፤ ባዶ ጀሪካን ይዞ። ውሃ ሳይቀዳ ተመለሰ። ጀርባዬን አይቷል? ጨለም ብሎ ነበር። አይቶም ከሆነ እንኳ ከስንቱ ጀርባ መካከል ያውቀዋል።

ከነገ ላሳልፈው አልችልም።

ረቡዕ

ጠዋት ዐም ሙሳ ሳይመጣ የአልኮሉን ጀሪካን ፍሳሹ ውስጥ ደፋሁና ቲነር ሞላሁበት። ሁለቱም ውሃ መሳይ ናቸው። ሽታው ይለያል፤ ግን ወርሻ የሚሠራ ሰው አፍንጫ የለውም፤ እንጀራችንም ቲነር ቲነር ነው የሚለን።

«የዐሊን ሻስ ዛሬ ዘፍዝፋት። አልኮሉ እዚያው ነው» አልኩት።

ጀማል አየኝ። ከወትሮው ትንሽ ረዘም አድርጎ አየኝ። «እሺ ወንድሜ» አለ።

ወጥቼ ከዐብዱ ጋር የትልቁን መኪና ጋቢና በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ጀመርኩ። ክንዴ እስኪደነዝዝ አሸሁት። ዐብዱ «ቆርቆሮው ምን በደለህ?» አለኝ። ጆሮዬ ግን ከትንሿ ክፍል አልተነሳም። የሆነ ጩኸት ስጠብቅ ነበር።

ከዙሁር በኋላ ዐም ሙሳ ገባ። ጩኸት የለም። እኔና ዐብዱ ብሩሽ እንደፈለገ ሰው መስለን ወደ ትንሿ ክፍል ሄድን።

ሻሷ ትሪው ላይ ነበረች። ጣሪያዋ ጋቢናው ውስጥ ወድቋል። በሮቹ ከወንበሮቹ ጋር ተጣብቀዋል። የጋቢናዋ አረንጓዴ ቀለምና ፕላስቲክ ተለውሰው ገንፎ ሆነዋል። ዐም ሙሳ በሁለት ጣቱ ሊያነሳት ሞከረ፤ እንደ ማር ተሳበች። መልሶ አስቀመጣት። ከዚያ ጣቱን የት እንደሚያደርገው አላወቀም፤ በነጭ ጀለቢያው ጠረገው።

«ማን ነው?» አለ።

ዓረፍተ ነገሬን ከትናንት ጀምሬ አዘጋጅቼ ነበር። አፌን ስከፍት ጀማል ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ ያ ዐም። ጀሪካን ተሳሳትኩ። ሰይድ በደንብ አሳይቶኝ ነበር።»

ዐም ሙሳ አልተሳደበም። «ኸላስ። ዕቃህን ያዝና ሂድ» ብቻ አለው።

ጀማል ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ከዐብዱ ጋር ትንሽ አወራ። እኔን አላየኝም። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ በእግሩ የሚሄድ ሐበሻ ለደውሪያ ፖሊስ የተዘረጋ ምግብ ነው። ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። የጀዋዛት መኪና፣ ተርሒል የሚሉት የስደተኛ እስር ቤት፣ በባዶ እጅ ወደ አገር።

አሸነፍኩ።

ቃሉን ጽፌ ሳየው የሌላ ሰው ይመስላል።

ሐሙስ

ዐብዱ ጠዋት አላናገረኝም። ምሳ ላይ ሩዙን እያቦካ፣ «ያ ሰውዬ መልእክት ሰጥቶኛል። አንድ ቀን አሳድረህ ንገረው ብሎኛል» አለኝ።

መልእክቱ ይህ ነው። ጀማል ማክሰኞ ቧንቧው ጋ ጀርባዬን አይቷል። ጠባሳዬ በየትኛው ቤት እንደተሠራ አውቋል። ረቡዕ የጀሪካኑን ክዳን ሲከፍት ሽታው ገብቶታል። ቲነር መሆኑን እያወቀ ነው ሻሷን ያስገባት። «ሰይድ የፈለገውን አድርጌለታለሁ በለው» ብሏል።

ሩዙን ተውኩት። ዐብዱ ያመሰግናል ብሎ ጠብቆ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ያኔ በአፌ ላይ ስልክ ይዞ የእኔን ጩኸት ለእናቴ አስተላለፈ፤ አሁን ደግሞ በቀሌን ከእጄ ወስዶ እሱ ፈጸመው። በቀሌንም እሱ ተረጎመው። እንዲፈራ ነበር የፈለግኩት። እንዲምል፣ እንዲለምን፣ እንዳይታመን። በቀሌን እንደ ሸክም ተቀብሎኝ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ ዐም ሙሳ ሻሷን ከራሱ ላይ በፈታው ሽማግ ጠቅልሎ አመጣት። ቀይና ነጭ ሽማጉ ላይ አረንጓዴ ቀለም ነክቶበታል። ጠረጴዛዬ ላይ ፈታት። «ይድናል?» አለኝ። በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው።

«እሞክራለሁ» አልኩት።

«ትናንት ለሚስቴ አልነገርኳትም። ነጭ ሆና ታያታለች ብዬ ነበር» አለኝና ወጣ።

ይህ ሰው ምን አደረገኝ? ከመንገድ አንስቶ ሥራ ሰጠኝ። እጅህ ቀላል ነው አለኝ። ወደ ጀማል የወረወርኩት ድንጋይ እሱን ነው ያገኘው፤ ጀማል ከነአካሉ ወጥቶ ሄደ።

የከፋው ግን ሌላ ነው። መግሪብ ሰግጄ ስነሳ መጣብኝ። ሙሄን በምንጣፍ ይዞ የወጣ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ኮፈን ሲፈገፍግ ዋለ፤ እኔ ስለ ጥርስ ብሩሽ አስተማርኩት። የት ቀበርከው ብዬ አልጠየቅኩትም። ለመበቀል ስቸኩል የእማ ዘሀራን ጥያቄ ረሳሁት። እሱን ከበር ሳስወጣ መልሱን አብሬ አስወጣሁ።

ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነው። ድጋሚ ደወልኩ። ዝግ ነው።

ጁምዓ

እማ ዘሀራ ደወሉ። ከሶላት በኋላ፣ እንደ ሁልጊዜው።

«የት ነው የቀበሩት ልጄ? ማን አጠበው?»

አላውቅም ልል ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። «የሚያውቅ ሰው አለ እማ» አልኳቸው።

የፍየሎች ድምፅ ከጀርባቸው ይሰማኛል። የዘጉት መስሎኝ ስልኩን አየሁ፤ አልዘጉም።

«እና ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

ዐብዱን ያዝኩት። መጀመሪያ አልነግርህም አለ። «ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ። ስለ ሙሄ ነገርኩት። እስከ ዛሬ ነግሬው አላውቅም ነበር፤ አንድ ክፍል እያደርን። ሲሰማ ቆይቶ፣ ጀማል ሳምጣ አካባቢ አንድ የፍየል እርሻ ላይ እንዳለ ነገረኝ። የዐብዱ አጎት እዚያ ይሠራል፤ በር ላይ ሲሰናበቱ ወደዚያ የላከው ራሱ ዐብዱ ነው።

ሳምጣ ሩቅ አይደለም፤ ግን የድንበር መንገድ ነው፤ የተፍቲሽ ኬላ ሞልቶበታል። በታክሲ ልሂድ ብል መጀመሪያው ኬላ ላይ አውርደው ይወስዱኛል። የእርሻውን የውስጥ መንገድ የሚያውቅ፣ የአገሩ ተወላጅ ስለሆነ መኪናውም የማይፈተሽ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። እሱ ደግሞ የልጁን መኪና ያቀለጥኩበት ሰው ነው።

ቅዳሜ

ነገርኩት።

ትንሿ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር። ዐረብኛዬ ለሥራ ይበቃል እንጂ ለዚህ አይበቃም። ስለ ጀማልና ስለ ሙሄ ግማሹን ተናገርኩ፣ ግማሹ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ ሸሚዜን አውልቄ ዞርኩለት። ኤሲው ብቻ ይጮሃል። ተመልሼ ስዞር ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ቲነሩን ያደረግከው አንተ ነህ» አለኝ።

«አዎ።»

ተነስቶ በጥፊ መታኝ። አንድ ጊዜ። የሽማግሌ ጥፊ ነው፤ ግን ጆሮዬ ጮኸ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና እጁን ያዘው፤ እሱን ያመመው ይመስል።

«የልጄ ዕቃ መሆኗን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«አንተን ያቃጠለህ እሱ፤ የተቃጠልኩት እኔ» አለ። ከዚያ፣ «የሞተው ልጅ እናት አለችው?» ብሎ ጠየቀኝ። አለችው አልኩት። የት እንደተቀበረ እንደማታውቅ ነገርኩት።

ዐሊ የተቀበረበት ቦታ ከቤታቸው በመስኮት ይታያል፤ ዐም ሙሳ ጠዋት ጠዋት ሰላም ሳይለው አይወጣም። ይህን ዐብዱ ነግሮኝ ነበር።

«ነገ ከሱብሂ በኋላ በር ላይ ጠብቀኝ» አለኝ። ሸሚዝህን ልበስ አለኝ።

እሑድ

በማሽላና በማንጎ እርሻዎች መካከል ሄድን። ዐም ሙሳ በመንገድ ላይ አላወራኝም። ሬዲዮም አልከፈተም። እኔ ከሱሪዬ ሥር ትልቅ የብሎን መፍቻ ደብቄ ነበር። እርሻው ጋ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋና እጁን ዘረጋ። ወደ እኔ ሳያይ። መፍቻውን ሰጠሁት። ወንበሩ ሥር ከተተው።

ጀማል በጉድጓዱ አጠገብ ፍየል ያጠጣ ነበር። ሲያየኝ ባልዲውን አስቀመጠ። አልሮጠም።

«እንደምትመጣ አውቄያለሁ» አለኝ። «ሰይድ፣ እኔም እንደ እናንተ ተይዤ ነው የገባሁት። ዐረብኛ ስለማውቅ...»

«እሱን ለሌላ ሰው ንገር» አልኩት። «ሙሄ የት ነው?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ሙሄ የትኛው ነው?»

መፍቻው በእጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ስሙን እንኳ አያውቀውም። ለእኔ አንድ ሰው ነው፤ ለእሱ ብዙ ነበሩ።

«ያልጮኸው» አልኩት።

ያኔ አወቀው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አፉን ከፍቶ ሊነግረኝ ሲጀምር በእጄ አስቆምኩት። እማ ዘሀራ ጋ ደወልኩ። «የምትነግረው ለእኔ አይደለም። ለእናቱ ነው» አልኩት።

ለመነኝ። አላህን ጠርቶ ለመነኝ። ለአንተ ልንገርህና አንተ ንገራቸው አለኝ። ይህን ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ እንዲለምነኝ። ጣፋጭ ነበር፤ አልዋሽም። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ አፉ ላይ ያዝኩለት።

መጀመሪያ ሰላም አላቸው። ማን እንደሆነ ነገራቸው። ከቤቱ በስተኋላ ከደረቀው ወንዝ ማዶ አንዲት ቁርቁራ ዛፍ ሥር እንደቀበረው፣ ብቻውን እንዳጠበው፣ ሳሙና ስላልነበረ የቁርቁራውን ቅጠል በውሃ አሽቶ እንዳጠበው፣ ብቻውን እንደሰገደበት ነገራቸው። ከፈን የሆነው የራሱ የጀማል ሽርጥ ነው።

እማ ዘሀራ አላለቀሱም። ጠየቁት። ዓይኑ ተከድኖ ነበር? ከድኜዋለሁ። ከንፈሩ? ተነክሶ ነበር። ወደ ቂብላ አዞርከው? አዞርኩት። ዛፏ ጥላ አላት? አላት እማ። አንተስ፣ ያን ጊዜ በልተህ ነበር? ጀማል ይህን ሲሰማ ወደ ፍየሎቹ ዞረ። መልስ ሲሉት፣ «በልቼ ነበር» አለ። ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ፍየሎቹ ባልዲውን ገለበጡት፤ ማንም አላነሳውም።

«አውፍ ይበሉኝ» አላቸው በመጨረሻ።

አውፍ አላሉትም። አልረገሙትምም። «ስልኩን ለሰይድ ስጠው» አሉት።

«እንዳትነካው» አሉኝ። ድምፃቸው እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። «ቁጥሩን ስጠኝ፤ ነገ እንዲደውልልኝ ንገረው። እኔ ገና ከእሱ ጋር አልጨረስኩም።»

ሰኞ

የተረፈውን የፕላስቲክ ዘንግ አድቅቄ በቲነር አሟሟሁት፤ ወፍራም ሊጥ ሆነ። በእሱ የሻሷን የተበሳ ጎን እደፍናለሁ። ሲደርቅ ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ይሆናል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል። ጋቢናው ከባድ ነው። አንዱ በር ጨርሶ አይድንም፤ ከሌላ ቁራጭ ቀርጬ ነው የማወጣው። ስፖንዳው ግን ደህና ነው፤ የዐሊ አረንጓዴ አንድ ጥግ ላይ ሳይነካ ቀርቷል። እሱን ላስለቅቀው አላስለቅቀው ብዬ ዐም ሙሳን ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ከእኔ ጋር የሚያወራው ስለ ሥራ ብቻ ነው። ሻይ ሲያስመጣ ለራሱና ለዐብዱ ነው። ዐብዱ ከራሱ ብርጭቆ አካፈለኝ።



ቀን ላይ ጀማል ይደውላል ብዬ አላመንኩም ነበር። ስልኩን ዘግቶ ወደ ሌላ እርሻ ይሄዳል፤ ወይ ድንበሩን ተመልሶ ይሻገራል ብዬ ነበር። ከመግሪብ በኋላ የእማ ዘሀራ የድምፅ መልእክት መጣልኝ።

ደውሎላቸዋል። ዛሬ ስለ ውሃው ጠይቀውታል፤ ከየት ቀዳው፣ ቀዝቃዛ ነበር ወይ፣ ማን ያዘለት። ሲመልስ አልቅሷል። ሳይዘጉ እስኪጨርስ ጠብቀውታል። ነገ ደግሞ በዚያ ቤት ስለሞቱት ሌሎች ልጆች ሊጠይቁት ነው፤ የእያንዳንዱን ስም አስታውሶ እንዲደውል ነግረውታል። እናቶቻቸውን ፈልገው ያገኙ እንደሆነ ለእነሱም ይደውላል ብለውኛል።

እሺ ብሏቸዋል።

እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኳቸው።